አባ ኮዳ፣ ጦጣና የማሙሽ ለውዝ

እኔ እንደማንኛችሁም ሻንጣዬን ሸክፌ ወደ ቤቴ ሄጄ፣ ሁለት ወር ከምናምን ቆይቼ ተመልሻለሁ። "እረፍት ላይ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?" ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ "አሞራ ሳይ ከረምኩ" ብዬ ስመልስ ታዲያ የማይስቅብኝ የለም። አንዷ የዶርሜ ልጅማ "ምነው? ይሄን ያህል ሥራ ፈተሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ። ይህችን ጽሑፍ ለእሷ መልስ ትሁን ብዬ ጀመርኳት። እየጻፍኩ ስሄድ ግን ነገሩ ከእሷ አልፎ ሁላችንንም የሚመለከት መስሎ ስለታየኝ ለቡለቲናችን ሰጠሁት። መልካም ንባብ።

በቤተ መጻሕፍታችን የምናገኛቸው ስለ ወፎች የሚያወሩ መጻሕፍት አብዛኞቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። እነሱ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ፀሐይ የሚሞቁበት፣ ጓሮ ወንበር አውጥተው እየተቀመጡ ዛፍ ላይ ለተንጠለጠለው የወፍ መመገቢያ ሱፍና ጥራጥሬ የሚሞሉበት ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጭቃ ነው፣ ጃንጥላ ነው፣ የማይደርቅ ካልሲ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወፍ ማየት የበጋ ሥራ ነው ብለን እንገምታለን።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አገራችን ውስጥ ከተመዘገቡት ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች መካከል ብዙዎቹ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። አደይ አበባ ሊፈነዳ ሲል መድረስ ይጀምሩና እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ ተቀምጠው ይመለሳሉ። በክረምት እነዚህ እንግዶች የሉም። ያሉት ባለቤቶቹ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ቁጭ ብለው ዝናብ አያሳልፉም፤ ብዙዎቹ ትዳር ላይ ናቸው። ሣሩ ለምለም ነው፣ ነፍሳቱ ተትረፍርፏል፣ ጫጩት ለማሳደግ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? ሸማኔ የምንላቸውን ቢጫ ወፎች ተመልከቱ። ወንዱ እርጥብ ሣር እየሰነጠቀ፣ አንዱን ክር በሌላው ውስጥ እያሾለከ ጎጆ ይሠራል። ሲጨርስ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል። እሷ ገብታ ትፈትሻለች። ካልጣማት ጥላው ትሄዳለች። ጎጆው ሳይፈለግ ቆይቶ አረንጓዴነቱ ከጠፋ ደግሞ ወንዱ ራሱ አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን "ዝናቡ መቼ ነው የሚያባራው?" ስንል ነው።

የእኔ አገር ሐዋሳ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐይቁ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ እፈልገዋለሁ። ወደ ሐይቁ የገባ ቆሻሻ ወንዝ ወስዶለት አይገላገልም ማለት ነው።

ወፍ መመገብ የሚባለውን ነገር እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከእናቴ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ጤፉን በሰፌድ ስታበጥር የሚወድቀውን ግርድ ለቅማ አትጥልም። ከማዕድ ቤቱ ጎን ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትበትነዋለች። ሰፌዱን መታ መታ ስታደርግ ድንቢጦቹ ከአጥሩ ላይ ይወርዳሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ዋኔዎች ይመጣሉ። "ለምን ትሰጫቸዋለሽ?" ብዬ በልጅነቴ ስጠይቃት "እነሱም የራሳቸው ድርሻ አላቸው" ትለኝ ነበር። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የላትም፤ አያስፈልጋትምም። ድንቢጦቹ ግርዱን ይለቅማሉ፣ ከዚያ ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ። እናቴ ለሁለት ቀን ባትጋግር ማንም አይራብም፣ ማንም በር ላይ መጥቶ አያስቸግርም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቴ አሞራ ገደል ነው። ሐዋሳ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ዓሣ አጥማጆች ሌሊቱን መረባቸው ላይ ያደረውን ዓሣ ጠዋት በጀልባ የሚያመጡበት ቦታ ነው። በሐይቁ ውስጥ 6 ዓይነት ዓሣዎች ቢኖሩም ገበያ ላይ የሚበዛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። ጀልባው ሲደርስ ዓሣው እየተራገፈ ቆዳው ይገፈፋል፣ ሥጋው ፊሌቶ ይወጣል፣ አንጀቱና አጥንቱ መሬት ላይ ይወረወራል። ዙሪያውን ደግሞ አባ ኮዳዎቹ ቆመዋል።

አባ ኮዳን አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገራችሁ። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል። ራሱ መላጣ ነው፣ ጀርባው ጥቁር ነው፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ይቆማል። በክረምት ማለዳ ካፊያ እየወረደ በመደዳ ቆመው ሳያቸው ሁልጊዜ የሚታዩኝ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የጡረታ ገንዘብ ለመቀበል ወረፋ የያዙ ሽማግሌዎች ናቸው። ስሙን ያገኘው ከአንገቱ በታች ከሚንጠለጠለው ቀይ ከረጢት ነው፤ የወታደር ኮዳ ይመስላል። ብዙ ሰው "ትርፍ ምግቡን እዚያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው" ይላል። አይደለም። ከረጢቱ አየር የሚሞላ ነው፤ ምግብ አይገባበትም። በመራቢያ ጊዜ ለጥንድ ፍለጋ ይነፋዋል። እግሩ ነጭ መስሎ የሚታየው ደግሞ ነጭ ሆኖ አይደለም፤ ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን እግሩ ላይ ስለሚለቅ ነው። ርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል። መላጣነቱም ቢሆን በከንቱ አይደለም፤ ጥንብ ውስጥ ገብቶ ለሚወጣ ራስ ላባ ትርፉ ቆሻሻ መያዝ ብቻ ነው። ይህን ለመንደራችን ልጆች ስነግራቸው በሳቅ ፍርስ አሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንዳቸውም ድንጋይ ሲወረውሩበት አላየሁም።

አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚገፉ አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን ትቼ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል፤ እኔም የምጠራቸው እንደዚያ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደብተሬን ይዤ ስቆም "ልጄ፣ ከቀበሌ ነው የመጣሽው?" አሉኝ። ተማሪ እንደሆንኩ፣ አሞራ እንደምመዘግብ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ጻፊ፤ እነዚህ ደመወዝ የማይከፈላቸው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው ብለሽ ጻፊ" አሉኝ። እኔም ጻፍኩ። ልክ ናቸው እኮ! የሚጣለው አንጀትና አጥንት ተከማችቶ ቢበሰብስ ዝናቡ እያጠበ የሚወስደው ወደ ሐይቁ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ቅድም እንዳልኩት መውጫ የለውም። አባ ኮዳዎቹ የሚውጡት እያንዳንዱ ጉርሻ ከውኃው የተቀነሰ ቆሻሻ ነው።

ችግሩ አባ ኮዳ አለመምረጡ ነው። ዓሣ የነካ ፌስታልም ይውጣል፣ ገመድም ይውጣል። አንድ ጠዋት አንዱ አባ ኮዳ እያነከሰ መጣ። ጠጋ ብለን ስናየው የተበጠሰ የመረብ ክር እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ጋሼ ምንም ሳይሉ ባዶ ማዳበሪያ አነሱና ከኋላው ቀስ ብለው ሄደው ራሱ ላይ ጣሉበት። በአንድ እጃቸው መንቆሩን፣ በሌላው ክንፉን ጨብጠው "ምላጩን ያዢ፣ ቶሎ በይ!" አሉኝ። በላብራቶሪ እንቁራሪት ስንቀድ እጄ የማይንቀጠቀጠው እኔ፣ ያን ቀን ተንቀጠቀጥኩ። ክሩን ሦስት ቦታ ቆርጬ ሳወጣው አባ ኮዳው በልቶት የነበረውን ሁሉ ጫማዬ ላይ አወጣልኝ። ሲለቁት ሦስት እርምጃ ተራመደ፣ ክንፉን አራገፈ፣ ተመልሶም ወረፋው ላይ ቆመ። ጋሼ ሳቁና "አየሽ፣ ምስጋና የሚባል ነገር አያውቅም። ሰው ቢሆን ግን ውለታ ከዋልንለት ከነገ ጀምሮ ይርቀን ነበር" አሉኝ።

እስከዚህ ድረስ ያወራሁት ቀላሉን ነው። አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ታናሽ ወንድሜን በቤት ስሙ ማሙሽ ነው የምንለው። 13 ዓመቱ ነው። በክረምት ለውዝ ይሸጣል። እናቴ ትቆላለታለች፣ እሱ ካለፈው ዓመት ደብተሩ ወረቀት እየቀደደ ይጠቀልለዋል። የ7ኛ ክፍል ሒሳቡ በሙሉ በለውዝ መጠቅለያነት አልቋል። የሚሸጠው ከሐይቁ ዳር ካለ አንድ የመዝናኛ ግቢ በር ላይ ነበር። ግቢው ውስጥ ትላልቅ ዋርካዎች አሉ፤ ዛፎቹ ላይ ጦጣዎችና ጉሬዛዎች አሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ለውዙን ለራሱ አይደለም የሚገዛው። ለጦጣ ነው። ጦጣ እጁ ላይ ወጥታ ስትበላ ፎቶ ይነሳል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ሌላ ጥቅል ይገዛል። የማሙሽ ገቢ በሙሉ በጦጣ ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ገንዘብ ደብተር፣ ቦርሳ፣ ጫማ ይገዛል፤ የተረፈው ለእናቴ ይሰጣል።

እኔ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለጦጣ ምግብ መስጠት ምን እንደሚያደርግ ተምሬያለሁ። ጦጣ ከሰው እጅ መብላት ከለመደች ሰውን መፍራት ታቆማለች። መፍራት ካቆመች ባትሰጧትም ትወስዳለች። አንድ ቦታ ላይ ያለልክ ምግብ ሲኖር መንጋው እዚያው ይከማቻል፣ ይጣላል፣ በሽታም ይተላለፋል። የጉሬዛው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ሆዱ እንደ ከብት ሆድ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው፤ ቅጠሉን የሚያፈጩለት ባክቴሪያዎች ውስጡ አሉ። ሙዝና ዳቦ በብዛት ሲገባበት ያ ሁሉ ሥርዓት ይናጋል። ሰዎች በፍቅር የሚወረውሩለት ነገር ለእሱ መታመሚያው ነው።

ይህን ሁሉ ለማሙሽ አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ። አስተዋይ ልጅ ነው። ስጨርስ ግን እንዲህ አለኝ፦

"እትዬ፣ የምትዪው ልክ ነው። ግን ጦጣዎቹ ካልበሉ እኛም አንበላም።"

ለዚህ ዓረፍተ ነገር መልስ የሚሆን ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔም በዚያ ቀን ዝም አልኩ። "ተው" ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ የእኔ ምግብ የሚመጣው ከግቢው ካፌ ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ በአንድ እሑድ የሚፈራው ደረሰ። ግቢው በእንግዳ ሞልቶ ነበር። 5 ዓመት የሚሆናት አንዲት ሕፃን ብስኩት ይዛ ቆማለች። አንዲት ጦጣ መጣች። ሕፃኗ ስለፈራች ብስኩቱን ከኋላዋ ደበቀችው። ጦጣዋ ዞራ ሄዳ ብስኩቱን ስትነጥቅ ጣቷን ነከሰቻት። ያን ጊዜ እኔ ማሙሽ አጠገብ ነበርኩ። ሕፃኗን ወደ ቧንቧ ወስደን ቁስሏን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጠብነው። ከዚያ "ቤት ሳትገቡ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልጋት እንደሆነ እነሱ ይወስናሉ" አልኳቸው። (ይህን አንባብያንም ብትይዙት ጥሩ ነው፤ ለውሻም ሆነ ለጦጣ ንክሻ የመጀመሪያው መድኃኒት ቧንቧና ሳሙና ነው። ጠባሳው ትንሽ ነው ተብሎ ጤና ጣቢያ አይቀርም።) ወላጆቿ ተደናግጠዋል፤ አይፈረድባቸውም። እናትየው ግን ዓይኗ ማሙሽ ላይ አረፈና "አንተ ነህ ያስለመድካቸው!" ብላ ጮኸችበት። ማሙሽ ምንም አልመለሰም። የለውዝ ሳህኑን አንስቶ ወደ ቤት ሄደ። ለሦስት ቀን ከቤት አልወጣም።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን በማግሥቱ የሰማሁት ወሬ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች "ምን አስቸገረ? ሙዝ ውስጥ መርዝ ጨምሮ መስጠት ነው፤ በአንድ ቀን ይገላግላል" ሲሉ ሰማሁ። ቀልድ ይሁን የምር አላውቅም። ግን አስቡት። መርዙ የበላውን ጦጣ ብቻ ገድሎ አይቆምም። የሞተችውን ጦጣ አባ ኮዳ ይበላታል፣ ጥንብ አንሳ ይበላታል፣ የሰፈር ውሻ ይበላታል። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በአፍሪካ የሚገኙ 4 የጥንብ አንሳ ዝርያዎችን እጅግ ለመጥፋት በተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፦ ጅብን ወይም ውሻን ለመግደል ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ። ሰው አንዱን ሊገድል አስቦ መቶውን ይገድላል። እንግዲህ አንድ ጥቅል ለውዝ በሳቅና በፎቶ ተጀምሮ የት ሊደርስ እንደሚችል ተመልከቱ።

በአራተኛው ቀን ቤት ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥን። ስብሰባ ስል እኔ፣ እናቴና ማሙሽ፣ ቡናውም በአጀንዳነት ቀርቦ ማለቴ ነው። እኔ ማሙሽ ወደዚያ ግቢ ባይመለስ አልኩ። እናቴ ሲኒውን አስቀምጣ "አንቺ ልጅ፣ መስከረም ደርሷል። ደብተሩን አሞራሽ ነው የሚገዛለት?" አለችኝ። ልክ ናት። ስለዚህ ለውዙ አይቁም፣ ገዢው ይቀየር ተባለ። ለጦጣ ሳይሆን ለሰው ይሸጥ። ወደ ፍቅር ሐይቅ በኩል ማታ ማታ የሚዝናና ሰው ሞልቷል፤ የሚራመድ ሰው ለውዝ ይቆረጥማል። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ከማሙሽ ራሱ መጣ። "ባይናኩላሩን ብትሰጪኝ ለእንግዶች ወፍ አሳያለሁ" አለ።

ባይናኩላሩ ከትምህርት ክፍላችን ላብራቶሪ ተፈቅዶልኝ የተዋስኩት ነው። አንዱ ዓይኑ ትንሽ ጭጋግ አለበት፤ ቢሆንም ይሠራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ዳር አብረን ሄድን። ዓሣ አጥማጁን ንስር በድምፁ መለየት ቻለ። ባለ ጥቁርና ነጩ ትንሹ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ከዚያ እንደ ድንጋይ ውኃው ላይ ሲወድቅ ሰዓት ይይዝለት ጀመር። ከሁሉም የወደደው ግን ረጃጅም ጣቶቹን ዘርግቶ በውኃ ላይ አበባ ቅጠሎች ላይ የሚራመደውን ጃካና የሚባለውን ወፍ ነው። የዚህ ወፍ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች፤ የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው። ማሙሽ ይህን ለእንግዶች ሲናገር ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ "እስቲ አምጣው በደንብ እንየው!" ይላሉ። እናቴ ይህን ስትሰማ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ምነው እንደሱ ያለውን ለሰውም በሰጠ!" እኛን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት፤ ስቃ ነው ያለችው፣ እኛም ስቀን አለፍነው።

ነገሩ ሁሉ አማረ፣ ማሙሽም ሀብታም ሆነ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ግን አይደለም። ዝናብ በዘነበ ማታ ፍቅር ሐይቅ ሰው የለም፤ ሰው ከሌለ ለውዝ የለም። በባይናኩላር ወፍ አይቶ "አመሰግናለሁ" ብቻ ብሎ የሚሄድም አለ፤ 20 ብር የሚሰጥም አለ። ሲደመር ጦጣዎቹ ያስገኙለት ከነበረው ያንሳል። ቦርሳውና ደብተሩ ተገዝቷል፤ ጫማው ለጥር ቀጠሮ ተይዞለታል። በዚያ ግቢ በር ላይም ሌሎች ሦስት ልጆች ዛሬም ለጦጣ የሚሆን ለውዝ ይሸጣሉ። እነሱን "ተዉ" ለማለት አፌ አልደፈረም፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዳቸው የሚሰጥ ባይናኩላር የለኝም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ "የዱር እንስሳ መመገብ መጥፎ ነው" ወይም "ጥሩ ነው" የሚል አንድ መልስ የለኝም። ሐረር ከተማ ሰውና ጅብ ስንት ዘመን አብረው ኖረዋል፤ ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ፣ በዓሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብላቸዋል። እናቴ ለድንቢጥ የምትበትነው ግርድም ምግብ ነው፣ አባ ኮዳ የሚውጠው አንጀትም ምግብ ነው፣ የጦጣዋ ለውዝም ምግብ ነው። ልዩነቱ ምግቡ እንስሳውን ምን እንደሚያስለምደው ላይ ነው። ስለዚህ እኔ ለራሴ ሦስት ጥያቄዎችን ይዣለሁ። አንደኛ፣ ይህ ምግብ እንስሳው በተፈጥሮው ከሚበላው ጋር ይቀራረባል ወይ? ጥሬ ለድንቢጥ ይቀራረባል፤ ዳቦ ለጉሬዛ አይቀራረብም። ሁለተኛ፣ እኔ ነገ ባልመጣ ይቸገራል ወይ፣ ወይስ ያስቸግራል? ሦስተኛ፣ ከእጄ ነው የሚበላው ወይስ ከመሬት? ከእጅ መብላት የለመደ እንስሳ ነገ የሌላ ሰው እጅ ላይ ነው የሚሄደው፤ ያም እጅ የ5 ዓመት ሕፃን ሊሆን ይችላል። ለሦስቱም ጥሩ መልስ ከሌለኝ እጄን እሰበስብና ዓይኔን ብቻ እጠቀማለሁ። ማየት ማንንም አይጎዳም።

በዚህ አጋጣሚ ለትምህርት ክፍላችን አንድ ምስጋናና አንድ ጥያቄ አለኝ። ምስጋናው ለባይናኩላሩ ነው፤ በሰላም መልሻለሁ፣ ጭጋጉም ከነበረው አልጨመረም። ጥያቄው ደግሞ ይህ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ በክረምት ተቆልፈው የሚከርሙ ሌሎችም ባይናኩላሮች አሉ። እኛ ተማሪዎች ከጎንደርም፣ ከወሎም፣ ከጅማም፣ ከጂንካም የመጣን ነን። በየክረምቱ ወደ መላ አገሪቱ እንበተናለን። መሣሪያዎቹ በፊርማ ቢሰጡንና እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያየነውን ወፍ ወይም አውሬ፣ ምን ሲበላ እንዳየነውና ምግቡን ማን እንደሰጠው ብቻ ጽፈን ብንመለስ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የት እንደምንደርስ አስቡት። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ የየአገሩን ጩኸት የሚመዘግብ ግን የአገሩ ልጅ ነው። ለሰፈሩ ልጆችም ቢሆን "አትመግቡ" ብሎ ከመከልከል "ኑ እዩ" ማለት ይቀላል።

ላሾፈችብኝ የዶርሜ ልጅ ደግሞ መልሴ አጭር ነው። የሚመጣው ክረምት ወደ አርባ ምንጭ ስትሄጂ እዚያም ሐይቅ አለ፣ እዚያም አሞራ አለ፣ እዚያም ለውዝ የሚሸጥ የአንዷ ወንድም አይጠፋም። ደብተር እኔ እገዛልሻለሁ።